በአፍንጫዬ የገባ ብርሃን

ወልቂጤ መናኸሪያ ከጎኔ የሚመጣውን ሁሉ መግጨት ስጀምር ጓደኞቼ «ፍቅር ይዞሃል!» ብለው ሳቁብኝ። መነጽር ገዛሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የቡታጅራዋ አክስቴ እየጎተተች ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሐኪሙ ጣቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ፈተነኝና ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ለካ ከአንጎል ሥር ባለችው አተር በምታክል ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ እባጭ የዓይን ነርቮቼን ተጭኗቸው ኖሯል!

ጭንቅላቴ ሳይከፈት፣ ኢንዶስኮፕ በሚባል ባለካሜራ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ ገብተው አወጡልኝ። በሦስተኛው ቀን የአልጋ ጎረቤቴን አንገቴን ሳላዞር አየሁት፤ አለቀስኩ። ሌላው በወራት ውስጥ ተመለሰ፤ የግራው ጠርዝ ግን ዛሬም ጭጋግ ነው። ብዙ የተጨቆነ ነርቭ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይድንምና።

እናንተዬ፣ ጎንና ጎናችሁ ከጨለመ በመነጽር ጊዜ አትግደሉ። እህቴ፣ ሳታረግዢ የወር አበባሽ ቀርቶ ጡትሽ ወተት ካፈሰሰም ተመርመሪ፤ አንዳንዱ እባጭ በኪኒን ብቻ ይሟሽሻል።