አንድሮይድ ክፍት ከሆነ፣ ስልካችን ላይ የሚወስነው ማነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ጉዳይ ነው የማነሳው። የሁላችንንም ኪስ ስለሚነካ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡልኝ።

ስልካችሁን አውጡና ሴቲንግ ግቡ። አፕስ የሚለውን ክፈቱና ዩቲዩብን ንኩ። ብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ "አንኢንስቶል" የሚል የለም፤ ያለው "ዲስኤብል" ነው። ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከስልኩ አይወጣም። ቴክኖ፣ አይቴል ወይም ኢንፊኒክስ የያዛችሁ ወረድ ስትሉ ፓልም ስቶርንና ፊኒክስ ብራውዘርንም ታገኙ ይሆናል። እነሱንም የጫናችኋቸው እናንተ አይደላችሁም።

ይህ ሁሉ ያለው ኦፕን ሶርስ በሚባለው አንድሮይድ ላይ ነው። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝም ይህንኑ ነው፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ በገንዘቤ በገዛሁት ስልክ ላይ ማዘዝ ለምን ያቅተኛል?

ከሥሩ እንጀምር። የአንድሮይድ መሠረት ሊነክስ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውና ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሠሩት ከርነል። በላዩ ላይ ኤኦኤስፒ የሚባለው ክፍል አለ። እሱንም ማንም አውርዶ፣ እንደፈለገው ቀይሮ፣ ስልክ ላይ ጭኖ መሸጥ ይችላል። አንድሮይድን በ2005 የገዛው ጉግል ይህን ያህሉን በእውነት ክፍት አድርጎታል። ከዚህ በላይ ያሉት ግን፣ ማለትም ፕሌይ ስቶር፣ ጂሜይል፣ ማፕስና ከሁሉም በላይ "ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ" የሚባለው፣ የጉግል ብቻ ናቸው። ኮዳቸው አይታይም። ስልክ አምራቹ የሚያገኛቸው ከጉግል ጋር ተፈራርሞ፣ ስልኩንም አስፈትኖ ነው። ኖቲፊኬሽን የሚልኩ፣ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቁ፣ በጉግል አካውንት የሚያስገቡ አፖች አብዛኞቹ የሚደገፉት በዚሁ ፕሌይ ሰርቪስስ ላይ ነው። ድሮ ክፍት የነበሩት ኪቦርድ፣ ካላንደርና ሙዚቃ ማጫወቻም ባሉበት እንዲያረጁ ተትተው ዝግ የሆኑ የጉግል አፖች ተተክተውባቸዋል። እርሻው የሁሉም፣ በአገሩ ያለው ወፍጮ ቤት ግን የአንድ ሰው ሆነ እንደማለት ነው።

ይህ ምን ያህል ኃይል እንደሆነ ዓለም ያየው በሁዋዌ ነው። በ2019 የአሜሪካ መንግሥት በኩባንያው ላይ ገደብ ሲጥል ጉግል ለአዳዲሶቹ የሁዋዌ ስልኮች አገልግሎቱን መስጠት አቆመ። የአንድሮይድን ክፍት ኮድ ግን የወሰደባቸው የለም፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እጃቸው ላይ ነበር። ያም ሆኖ ከቻይና ውጭ ገበያቸው ወደቀ፤ ፕሌይ ስቶር የሌለውን ስልክ ሰው አልገዛም። ያን የሚያህል ኩባንያ፣ ያን ያህል መሐንዲስ ይዞ ካልቻለ፣ "ኮዱ ክፍት ስለሆነ የማይፈልግ የራሱን ይሥራ" የሚለው መልስ ለእኔና ለእናንተ ምን ይጠቅመናል?

ክፍትነቱ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ጥቅሙን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች አገራችን ሲገቡ በአማርኛ የተጻፈ ፖስት ሁሉ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ነበር የሚታየው። ያኔ የነበራችሁ ኦፔራ ሚኒን ታስታውሳላችሁ፤ አድራሻ መጻፊያው ላይ "ኦፔራ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮንፊግ" ብለን ጽፈን፣ እስከ ታች ወርደን፣ ስለ ቢትማፕ ፎንት የሚለውን መስመር ከ"ኖ" ወደ "የስ" ቀይረን ሴቭ ስንል ፊደሉ ብቅ ይል ነበር። ያ መላ የሚሠራው ግን ኦፔራ ውስጥ ብቻ ነው። ሙሉ ስልኩ ግእዝ እንዲያነብ የፈለገ ሞባይል ቤት ሄዶ ሩት ያስደርጋል፤ ባለሙያው ሲስተም ውስጥ ገብቶ የፎንት ማኅደሩ ላይ የግእዝ ፎንት ያስቀምጥለታል። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። አንድሮይድ ሊከፈትና ሊነካ የሚችል ስለነበር፣ ትልቁ ኩባንያ እስኪያስታውሰን ድረስ መርካቶና ፒያሳ ያሉ ልጆች ፊደላችንን በእጃቸው አስገቡልን። ኋላ ላይ የግእዝ ፎንት ከሲስተሙ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረ፤ እሱም በክፍት ፈቃድ የተሰጠ ነው።

ዛሬ እንዲያ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ዋጋ ይከፍላል። ስልኩን ሩት ካደረገ ወይም ሲስተሙን በሌላ ከቀየረ፣ አፖች ጉግልን "ይህ ስልክ ያልተነካካ ነው ወይ?" ብለው የሚጠይቁበት ዘዴ አለ። መልሱ "ተነካክቷል" ከሆነ አንዳንድ የባንክ አፖች አይከፈቱም። ሕጉ ስልክህን አትቀይር አላለም፣ የኦፕን ሶርስ ፈቃዱም አልከለከለም፤ ደመወዙ በሞባይል የሚገባለት ሰው ግን ከባንኩና ከነጻነቱ አንዱን መምረጥ አለበት። የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ነገር በዝምታ አላለፉትም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱም ፕሌይ ስቶርን የሚፈልግ አምራች የጉግልን ፍለጋና ክሮምን አብሮ እንዲጭን ማስገደዱ፣ የጉግልን ፍለጋ ብቻ ለሚጭኑ ገንዘብ መክፈሉ፣ እንዲሁም ሌላ ዓይነት አንድሮይድ ያለበት ስልክ እንዳይሸጡ መከልከሉ ነው። በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ አድርጎ አብዛኛውን አጸናው። በዚህ የተነሳ አውሮፓ ውስጥ አዲስ አንድሮይድ የሚከፍት ሰው የትኛውን የፍለጋ ሞተር እንደሚፈልግ ይጠየቃል። እኛን የጠየቀን የለም። እኛም እኮ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለን፤ የገበያ የበላይነትን ያለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ስለ ዘይትና ስለ ሲሚንቶ ስናወራ እናስታውሰዋለን፤ ሁሉም ሰው ስለያዘው ስልክ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ገላን፣ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሞባይል ቤት ተቀምጬ ነበር። የፋብሪካ ጋወኗን እንደለበሰች አንዲት ልጅ ገባች። አዲስ የገዛችውን አይቴል ይዛለች። "ወንድሜ፣ ዳታዬ አልቋል፤ መዝሙሩንና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላቱን ካንተ ስልክ ላክልኝ" አለችው። የሱቁ ልጅም ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ የሚልከውን ዜንደርን ከፍቶ ላከላት። ስልኳ "ከዚህ ምንጭ የሚመጣ አፕ አደገኛ ሊሆን ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ልጁ ሴቲንግ የሚለውን ነካ፣ ማብሪያ ማጥፊያዋን ወደ ቀኝ ገፋት፣ ተመለሰና ኢንስቶል አለ። ቆጥባ በገዛችው ስልክ ላይ የፈለገችውን አፕ በብሉቱዝና በዋይፋይ ርቀት አገኘች። ያን አፕ ማን እንደሠራው ሁለቱም አያውቁም። ምናልባት አንድ ተማሪ፣ ምናልባት አንድ ዲያቆን። እንዲህ ያሉ ስንት አፖች አሉን፦ ግጻዌ፣ ዚክር፣ የ12ኛ ክፍል የፈተና ጥያቄዎች፣ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከቻናል ወደ ቻናል ነው የሚዞሩት።

ጉግል በነሐሴ 2025 ያወጣው ዕቅድ የሚነካው ይህችን መንገድ ነው። እንደ መርሃ ግብሩ ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ በሌላው ዓለም፣ ጉግል ባረጋገጠው አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሁሉ ሠሪው ማንነቱን ጉግል ዘንድ ያስመዘገበ መሆን አለበት። ፕሌይ ስቶር ላይ ባይሆንም፣ በቴሌግራም ቢመጣም፣ በዜንደር ቢላክም። ሕጋዊ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ሲያስፈልግም መታወቂያ። ለተማሪና ለጀማሪ በጥቂት ስልኮች ላይ ብቻ የሚሠራ ነጻ አካውንት ይኖራል ተብሏል። ሙሉው ምዝገባ 25 ዶላር ነው፤ በዓለም አቀፍ ካርድ። ከእናንተ መካከል 25 ዶላር በካርድ ለመክፈል የሞከረ ካለ ጉዳዩ ከገንዘቡ መጠን እንደሚያልፍ ይነግራችኋል።

ጉግል የሚሰጠው ምክንያት አለው፣ እኔም አልንቀውም። ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚጫኑ አፖች ላይ የሚገኘው ማልዌር ፕሌይ ስቶር ላይ ካለው ከ50 እጥፍ በላይ ነው ይላል። የሐሰት የባንክ ደረሰኝ የሚሠሩ አፖች ስንቱን ባለሱቅ እንዳከሰሩ የምናውቅ ነን፤ "ይህን ኤፒኬ ክፈት" ተብለው የአፕ ፋይል ተልኮላቸው የቴሌግራም አካውንታቸውን የተነጠቁ የዚህ ቻናል አባላት አሉ። ሌባው ይታወቅ ማለት ትክክል ነው።

ግን መዝገቡ ለምን አንድ ኩባንያ እጅ ብቻ ይሆናል? አገራችን የፋይዳ መታወቂያን የገነባችው ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሲስተም ላይ ነው፤ ሕንድ ባንጋሎር ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ፣ ፊሊፒንስም የተጠቀመችበት። ኮዱን ወስደን፣ የራሳችን ሰርቨር ላይ አስቀምጠን፣ በራሳችን አዋጅ እናስተዳድረዋለን። ማንነትን የማረጋገጥ ሥራ በብዙ እጅ፣ በክፍት መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። አንድ ተማሪ ለሠፈሩ ልጆች አፕ ለመስጠት ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ዘንድ መመዝገብ የግድ ሊሆንበት አይገባም።

በነጻ ሶፍትዌር ብቻ የተሞላው ኤፍ ድሮይድ የተባለው የአፕ ማከማቻ ዕቅዱ ህልውናውን እንደሚያጠፋው በይፋ ተናግሯል። ተቃውሞው ሲበረታ ጉግል በኅዳር 2025 "አደጋውን አውቄ እቀበላለሁ" ለሚሉ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ የመጫኛ መንገድ እንደሚያዘጋጅ ገለጸ። ጥሩ ነው። ግን ያ መንገድ ስንት ገጽ ማስጠንቀቂያ፣ ስንት ማረጋገጫ ይኖረዋል? ባለጋወኗን ልጅ አስቧት። ምርጫ አለ የሚባለው እሷ ቆማ እስክትጨርሰው ድረስ ቀላል ከሆነ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ስልኩ ተሠርቶ በመጣበት መንገድ ይቀጥላል። ጉግልም፣ ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚሠራው ትራንሽንም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ አምራቾች አፕ አስቀድሞ ለመጫን ገንዘብ የሚቀበሉትም ለዚህ ነው።

ይህን የምታነቡበት ቴሌግራምም ከዚህ ውጭ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ኮዱ ክፍት ነው፤ ሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። እኔም ሌላ ቦታ ቅጂ ሳላስቀምጥ እዚህ ብቻ አልጽፍም።

በመጨረሻ ለአፕ ሠሪዎቻችሁ። አፑን የፈረማችሁበት የቁልፍ ፋይል የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጉ። በአዲሱ ሥርዓት አፑ የእናንተ መሆኑን የምታስመሰክሩት በእሱ ነው፤ ከጠፋ፣ ኤፒኬው በሺህ ስልክ ላይ ቢኖር እንኳ የኔ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ወደ ፍላሽ ገልብጡት፣ የይለፍ ቃሉንም ጻፉት። አፑን ሠርተው ውጭ የሄዱ ጓደኞች ካሏችሁ ይህን ፖስት ላኩላቸው። ኮዱን ክፍት ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እዚሁ ገላንና አቃቂ ካሉ ልጆች ጋር ሆነን ጊትሃብ ላይ እናስቀምጥለታለን፣ የሚያስቀጥለው ሰውም እንፈልጋለን።