መኪናችሁ ከግጭት ሲመለስ ከቀለሙ በታች ምን አለ?

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ የተጋጩ የቅንጦት መኪኖችን እጠግናለሁ። ከአገሬ ልጆች ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ለዚህች ጉዳት ሦስት ሳምንት ምን ያደርግላችኋል?» ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ሊሞዚን የሚነዱ ናቸው። መኪናው ከቆመ የቤት ኪራዩም የልጆቹም ወጪ መከፈያ ያጣል። ችኮላቸው ይገባኛል፤ መልሱን ግን ቆም ብለው እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

ባትላሜራ የተማርኩት አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ ፓራፋንጎውን በመዳፋቸው ዳብሰው፣ ዓይን የማያየውን ጉብታ ያገኙ ነበር። ያ እጅ ዛሬም ያስፈልገኛል። የዚያ ዘመን ላሜራ ግን ቢመታ ይታዘዛል፤ በኦክስጅን እሳት ቢግል ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝም ያው ላሜራ ነው። የዛሬው መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብሊው እንዲህ አይደለም። በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ምሰሶ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ከጋለ በኋላ ማተሚያው ውስጥ እንዳለ በፍጥነት ከሚቀዘቅዝ ብረት ነው። ጥንካሬው 1500 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል፤ ከተራው ላሜራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ምሰሶ በእሳት አግሎ የሚያቃና ሰው ቅርጹን ይመልሳል፣ ጥንካሬውን ግን ይገድላል። ላዩ ስቱኮና ቀለም ሲገባበት ባለቤቱም እኔም በዓይን ልንለየው አንችልም። ሌላ መኪና ከጎን ሲመታው ግን ይለያል።

አሉሚኒየም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሬንጅ ሮቨር አካሉ በሙሉ አሉሚኒየም ሆኖ፣ በሪቬትና በሙጫ የተያያዘ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። የብረት ብናኝ ካረፈበት ከጊዜ በኋላ ከቀለሙ ስር ይበላዋል። በዚህ ምክንያት የአሉሚኒየሙን ሥራ የምንሠራው በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ ብረት ነክቶ በማያውቅ መሣሪያ ነው።

አምራቹ ለአንድ ጋራዥ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው እንግዲህ ለዚህ ሥራ ነው። ሠራተኛው ይሠለጥናል፣ መሣሪያው ይመረመራል፣ የጥገናው መመሪያ በየሞዴሉ ይነበባል። የት እንደሚቆረጥ፣ የት ፈጽሞ እንደማይቆረጥ፣ ስንት ነጥብ እንደሚበየድ ተጽፏል። ሻንሲው መቃናቱን በዓይን አንገምትም፤ የፈረንሳዩን ሴሌት በመሰለ አግዳሚ ላይ አስረን እንለካዋለን።

ከሁሉም በላይ የምወደውን ልንገራችሁ። መኪናው ላይ ከመበየዴ በፊት፣ ውፍረታቸውና ዓይነታቸው ከመኪናው ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ቁራጭ ላሜራዎች ወስጄ እበይድና በጉጠት ገንጥዬ አያቸዋለሁ። ደህና የተበየደ ነጥብ አይለቅም፤ ከአንደኛው ላሜራ ክብ ቁራጭ ቦጭቆ ይዞ ይመጣል፣ በሌላው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ላሜራዎቹ ያለ ቀዳዳ ተላቀው ከተለያዩ የማሽኑ ልክ ልክ አይደለም፤ አስተካክዬ እንደገና እሞክራለሁ። ይህ ደቂቃዎች ይፈጃል እንጂ ሰዓታት አይፈጅም። ሆኖም የሚዘልሉት አሉ።

የአምራቹ መመሪያ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ቴክሳስ ውስጥ ታይቷል። የዳላስ አካባቢ ጋራዥ «ፊት» (Fit) የተባለች የ2010 ሆንዳ ጣሪያ ሲቀይር፣ አምራቹ ከ100 በላይ ነጥብ እንዲበየድ እያዘዘ በሙጫ ለጠፈው። መኪናዋን ሁለተኛ እጅ የገዙ ባልና ሚስት ስለዚህ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግጭት ደረሰባቸው፤ ጣሪያው ተላቀቀ፣ እሳት ተነሳ፣ ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ። በ2017 ዳኞች 42 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው፤ ከዚህ 31.5 ሚሊዮኑ የጋራዡ ድርሻ ሆነ። ሆንዳ የቅንጦት መኪና አይደለችም፣ መመሪያን የማክበር ግዴታ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞም ያ ጋራዥ የአምራች ምስክር ወረቀት የነበረው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻውን ማንንም አላዳነም፤ መመሪያው መከበር ነበረበት።

ከብረቱ ሌላ ራዳርና ካሜራ አለ። ካሜራው ከፓራብሬዛው በስተጀርባ፣ ራዳሩ ብዙውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ስር ነው። ራዳሩ አንዲት ዲግሪ ከዞረ፣ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 1.75 ሜትር ይስታል፤ የአሜሪካ መንገድ ግማሽ ረድፍ ያህል ማለት ነው። በጎን ረድፍ ያለውን መኪና ከፊት ያለ መስሎት ፍሬን ሊይዝ፣ ወይም ከፊት ያለውን ሳያይ ሊቀር ይችላል። ከሦስቱ ሳምንት የተወሰነው እነዚህን በማስተካከል ያልቃል፤ ሌላው ዕቃ ሲጠበቅ ይሄዳል።

ይህ የውጭ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ባትሪው ከወለሉ ስር ነው፤ ብርቱካናማው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማል። ኃይሉን ሳያቋርጥ ብየዳ የሚጀምር ባለሙያ የራሱን ሕይወት ያስይዛል። መኪናውን የሚያስገቡ ድርጅቶች የጥገና መመሪያውንና ሥልጠናውን አብረው ያስገቡ። የአገራችን ባለሙያ እጅ አለው፤ የጎደለው መጽሐፉ ነው።

እናንተ ደግሞ ቁልፋችሁን ከመቀበላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የአምራቹ የጥገና መመሪያ ቅጂ፣ የሻንሲው ልኬት ከጥገና በፊትና በኋላ፣ የካሜራና የራዳር ማስተካከያው ውጤት፣ እንዲሁም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብየዳው የተነሳው ፎቶ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ጋራዡን የመምረጥ መብት የኢንሹራንሱ ሳይሆን የእናንተ ነው። ወረቀቱን የሚከለክላችሁ ካለ መኪናችሁን ሌላ ቦታ አስመርምሩ።