ከጓሮ አትክልት የሚዘጋጅ የቲማቲም ሰላጣ፤ አዘገጃጀቱና ንጽሕናው

መግቢያ

በላስታ የጾሙ ወራት ብዙ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይፈጃል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ እስከ ገና የነቢያት ጾም አለ። በእነዚህ ወራት ገበታው በሽሮና በክክ ወጥ ላይ ያመዝናል። ከእንጀራው ጎን ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በጥሬው ሲቀርብ ምግቡ ይጣፍጣል፤ ቫይታሚን ሲም ይገኝበታል። ይህ ቫይታሚን በሙቀት የሚቀንስ ሲሆን፣ ሰውነት በጥራጥሬና በጤፍ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን እንዲጠቀምበት ይረዳል።

ስልስ በእሳት ይቁላላል፤ ሰላጣ ግን እሳት አያገኘውም። የበሽታ ጀርሞችን የሚገድል ሙቀት ስለሌለ ጤናማነቱ የሚጠበቀው በጓሮው አያያዝ፣ በማጠቢያው ውኃና በሚበላበት ሰዓት ነው።

1. በጓሮ

ሀ) ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭ አይችሉም። ስለዚህ በደጋው ከፍታ ሳይሆን ሞቅ ባለው ሸለቆና ከነፋስ በተከለለ ጓሮ ቢተከሉ ይሻላል።

ለ) ፍግ በሚገባ ከበሰበሰ በኋላ፣ ከተከላ በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ጥሬ ፍግ ፍሬ በያዘ ተክል ሥር አይደረግ።

ሐ) ተክሉ በእንጨት ይደገፍ፤ ውኃውም ከሥር ይጠጣ። ከብት ከሚጠጣበትና ልብስ ከሚታጠብበት በታች የተቀዳ ውኃ በፍሬው ላይ መፍሰስ የለበትም።

መ) የተሰነጠቀ፣ ወፍ የነካው ወይም የበሰበሰ ፍሬ ለሰላጣ አይመረጥ።

2. የማጠቢያ ውኃ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይፍላ፤ ከዚያም ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

በረኪና ካለ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለውና ሽቶም ሆነ ሳሙና ያልተጨመረበት ይሁን። በ5 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ይጨመራል። በመጀመሪያ የታጠበው አትክልት በዚህ ውኃ 5 ደቂቃ ይዘፈዘፍና በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ።

ከፀሐይ የመጣ ትኩስ ቲማቲም በቀዝቃዛ ውኃ አይነከር። ፍሬው ሲቀዘቅዝ ውኃውን ከነጀርሙ በእሸቱ መቀጠያ በኩል ወደ ውስጥ ይስባልና፣ በመጀመሪያ በጥላ ይብረድ።

3. አዘገጃጀት (ለ6 ሰው)

ቲማቲም 1 ኪሎ፣ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት 2፣ ቃሪያ 3፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ፍሬ፣ ሎሚ 2፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ።

• እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ። ሥጋ ወይም ዶሮ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል።
• ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና በሎሚና በጨው ይታሽ፤ ማቃጠሉ ይበርድለታል።
• ነጭ ሽንኩርቱ ይደቅቅ፤ ቃሪያውም ይከተፍ። ለልጆች ከሆነ የቃሪያው ፍሬ ይውጣ።
• ቲማቲሙ በመጨረሻ ይከተፍ፤ ቀድሞ ከተከተፈ ውኃ ያወጣል።
• ሁሉም ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ወዲያው ይቅረብ።

ሎሚ የጀርሞችን መራባት ያዘገያል እንጂ በቆሸሸ ውኃ የታጠበን አትክልት ንጹሕ አያደርግም።

4. ስለ ማቆየት

ሰላጣው ከተከተፈ በ2 ሰዓት ውስጥ ተበልቶ ይለቅ። የተረፈው በስልስ መልክ በደንብ ቢቁላላ ይሻላል እንጂ ለማግሥቱ በጥሬው አይደር።

ለገና ላሊበላ በምእመናን ስትሞላ ማኅበራት ሰላጣውን በጠርሙስ አሽገው መሸጥ ሊያስቡ ይችላሉ። ይህ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ የሚራባና ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ጀርም አለ፤ የሚያስከትለው በሽታ ቦቱሊዝም ይባላል። የጀርሙ ዘር በፈላ ውኃ አይሞትም። ሽንኩርትና ቃሪያ ሲጨመሩ ደግሞ ጀርሙን የሚገታው የቲማቲም ጎምዛዛነት ይቀንሳል። ምግቡ ሽታውንም መልኩንም ሳይለውጥ ሊመርዝ ይችላል። በዘይት ተነክሮ ከቤት የሚቀመጥ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ያሰጋል። ስለሆነም ማኅበሩ የሚሸጠው ያልተከተፈውን ፍሬ ይሁን፤ በየማለዳው ለቅሞና መርጦ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ያቅርብ።

ለልማት ሠራተኞች

ሠርቶ ማሳያው በአንዲት እማወራ ቤት፣ በራሷ ድስትና ጀሪካን ቢደረግ ይመረጣል። ውኃው ሲፈላ ሦስቱ ደቂቃ በሰዓት ተቆጥሮ ይታይ። በማግሥቱ ብቻዋን ልትደግመው የማትችለውን ነገር አታስተምሩ።