የትምህርት ጉዞና ስንቁ

ወደ ባሕር ማዶ ወጥቶ ቤተ ሙከራና ፋብሪካ መጎብኘት ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ከጉዞው የሚገኘው ጥቅም የሚለካው በታየው ነገር ብዛት ሳይሆን ጎብኚው ስንቅ አድርጎ በያዘው ጥያቄ ነው። ይህን ለማስረዳት ከተወለድሁበት ከመሐል ሜዳ ልጀምር።

መንዝ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል። ጠጉሩ ይሸለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ፈትሉ ነው። እንዝርት ባንድ ጊዜ የምታወጣው አንድ ክር ብቻ ሲሆን፥ ሸማኔው ግን ሴቶቹ ሲፈትሉ የሰነበቱትን ድርና ማግ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል።

እንግሊዞችንም ያስጨነቃቸው ይኸው ችግር ነበር። በ1760ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጄምስ ሃርግሪቭስ የተባለ ሸማኔ አንድ መዘውር ሲዞር ስምንት እንዝርት አብሮ የሚያዞር መኪና ሠራ። የመፍተያ ፋብሪካም ቀስ በቀስ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ አደገ።

ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ምን እንደሚያተርፍ ከጃፓኖች እንማራለን። በዚያው አቆጣጠር በ1865 የሳትሱማ ግዛት 19 ሰዎችን፥ አብዛኞቹን ተማሪዎች፥ ወደ እንግሊዝ ላከ። ከአገር መውጣት በሕግ የተከለከለ ነበርና የሄዱት በድብቅ ነው። ከነሱ አንዱ ጎዳይ ቶሞአትሱ ፕላት ከተባለው ኩባንያ የመፍተያ መኪና ገዛ፤ በ1867 ካጎሺማ ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ጋዑን የተባለ የቀድሞ የቡድሃ መነኩሴ ደግሞ ከእንጨትና ከቆርቆሮ፥ በእጅ ወይም በወንዝ ውሃ የሚዞር መፍተያ ሠርቶ በ1877 በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ተሸለመ። በ1929 ያው የፕላት ኩባንያ ቶዮዳ ሳኪቺ የፈለሰፈውን የሽመና መኪና መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ገዢው ሻጭ እስኪሆን የወሰደው 62 ዓመት ነው።

ከኛም አገር ሄዶ ያየ አለ። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መልክተኞች መርተው ጃፓንን ጎበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለወገናቸው አካፈሉ። በ1928 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ጦር ስለ ወረረን፥ ከዚያ ጉዞ የተገኘው ትምህርት በሰላም ለመብሰል ጊዜ አላገኘም።

ዛሬ እኛን የሚያግደን ሕግም ጦርም ሳይሆን ዝግጅት ማነስ ነው። ይህን የምለው በራሴ ፈርጄ ነው። አንድ ቀን የጉብኝት አስረጅ «በእናንተ አገር አንድ ብርድ ልብስ የሚያስፈትል ስንት ቀን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። እናቴ በኩራዝ ብርሃን ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ፥ የመኪናውን ፍጥነት በደብተሬ ስጽፍ የእናቴን ቀን ግን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ስለዚህም ያ መኪና ለመንዝ ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ ልፈርድ አልቻልሁም።

እንግዲህ ለሚጓዝ ቡድን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ፥ ከመሄዱ በፊት የአገሩን ሥራ በሰዓትና በሚዛን ለክቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ በፋብሪካው ውስጥ «መኪናው ምን ይሠራል?» ብቻ ሳይል፥ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፥ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፥ ስንት ኃይል ይፈጃል፥ በትንሹ ሊሠራ ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ ሲመለስ ያየውን ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ለፈታይዋና ለሸማኔው በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳ።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ የባናን ገበያ እየወሰደ ነው። ፈታይዋ ሥራዋ ከጠፋ በኋላ የምናመጣላት መፍትሔ አይደርስላትም። ስለዚህ ጓደኞቼ፥ ለሚቀጥለው ጉዞ ስማችንን ከማስመዝገባችን በፊት፥ በዚህ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ የእናቶቻችንን ሥራ ቁጭ ብለን እንቁጠር።