ሞተረኛውን የሚጥለው ደረቱን የመታው ብርድ አይደለም፤ ጣቱን ያደነዘዘው ነው

የዛሬው ጽሑፍ ሞተር ለምትነዱ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ከሞተረኛ ኋላ ለምትፈናጠጡ ነው።

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት የግራ እጁን ደግፎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ከሸኖ በኩል ሲመጣ አህያ መንገድ ገብታበት ነው የወደቀው። «ዶክተር፣ ፍሬኑን የያዝኩት መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። ቀኝ እጁን ስነካው ብረት የነካሁ ነው የመሰለኝ። ደረቱ ላይ ሹራብ፣ ጋዜጣ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት ደርቧል። ጓንት ግን የለውም። ራጅ ሲነሳ የእጁ አንጓ ተሰብሯል።

ብርድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ደረትን ነው። «ብርድ ገብቶበት ሳንባ ምች ያዘው» ይባላል። ሳንባ ምችን የሚያመጣው ጀርም እንጂ ነፋስ አይደለም። አስም ያለባችሁ ግን ቀዝቃዛ አየር ሊያስነሳባችሁ ስለሚችል አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ መንፊያችሁም ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ወደ ጣት እንምጣ። ውጪው 5 ዲግሪ ቢሆንና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ የተገለጠ ቆዳችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ጣታችሁ በረዶ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ አየሩ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ሥጋ አይረጋም። ነፋሱ ግን ሙቀታችሁን እየጠረገ ይወስደዋል። ሰውነት ደግሞ ልብና አንጎልን ለማዳን ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የእጅ ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ጣት መታዘዝ ይቀንሳል፤ የበለጠ ሲወርድ የነካውን ነገር መለየትም ያቅተዋል። ያ ልጅ አልዋሸኝም። ፍሬኑን ይዞ ይሆናል፣ ላይዝም ይችላል፤ ጣቱ ሊነግረው አልቻለም።

እስቲ እናስላው። በ60 ስትነዱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ትጓዛላችሁ። እጃችሁ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ከ8 ሜትር በላይ ያለ ፍሬን ሄዳችሁ ማለት ነው። በአህያዋና በእናንተ መካከል የነበረው ርቀት እሱ ሊሆን ይችላል።

ብርዱ ከጣት አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጭንቅላት ይፈዛል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይደናበራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ «ተሻለው» አትበሉ፤ ብሶበታል ማለት ነው። ኋላ የተቀመጠ ሰው ስለማይንቀሳቀስ ቶሎ ይበርደዋል። ልጅ ከፊት ማስቀመጥማ ነፋሱን ሁሉ በሱ መመከት ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

አሁን «አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቃል» ለምትሉት። ፊት ይሞቃል፣ እውነት ነው፤ የሚሞቀው ግን አልኮሉ የቆዳ ደም ሥርን ስለሚከፍት ነው። የውስጥ ሙቀታችሁ በዚያው ይወጣል። ለመንዳት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሲጋራም የደም ሥርን ያጠባል፣ ጣት ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የደነዘዘ እጅን በማርሚታ ማሞቅም አይሆንም፤ እጁ ስለማይሰማው ተቃጥሎ ካበቃ በኋላ ነው የሚታወቀው። ልብስ መቃጠያ የሆኑ አይቻለሁ፣ ጣትም አይቻለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጓንት። ነፋስ የማያሳልፍ፣ ግን እጅን የማያጣብቅ፤ የጠበበ ጓንት ደም ስለሚያስቀር አለማድረግ ሊሻል ይችላል። የሱፍ ጓንት ብቻውን ነፋስ ያሳልፋል። ከላዩ ፌስታል የሚያስሩ አሉ፣ ነፋሱን ይከለክላል፤ ግን ስለሚያንሸራትት ፍሬኑን ቆማችሁ ሞክሩት። መሪው ላይ የሚገጠመው የእጅ መሸፈኛ በጣም ጥሩ ነው፤ እጃችሁ በቀላሉ መግባትና መውጣት አለበት። ጋዜጣና ካርቶን ደረት ላይ ማድረግም ሞኝነት አይደለም፦ ነፋስ ይከለክላል፣ ደረት ሲሞቅ ሰውነት ለእጅም ደም አይሰስትም። አንገታችሁን አትርሱ። ካልሲ ደርባችሁ ጫማው ከጠበበ አንዱን አውልቁ።

መንገድ ላይ ጣታችሁ ፍሬኑ አልሰማ ካለው ዳር ይዛችሁ ቁሙ። እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ትኩስ ሻይ ጠጡ። ቤት ከሆናችሁ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል፤ ሙቀቱን ግን ያልደነዘዘ ሰው ይፈትንላችሁ። የረጠበ ልብስ ቶሎ ይቀየር። የሚደናበር ወይም ምላሱ የተሳሰረ ሰው መሪ አይያዝ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ኢንቦክስ ላይ የሚበዛው ጥያቄ ደግሞ «ፊቴን ብርድ መትቶኝ ጠመመ» የሚል ነው። ነፋሱ ለማምጣቱ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ የፊት ነርቭ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ በሙቅ ጨርቅ እያሻችሁ ሳምንት አትጠብቁ። ከፊቱ ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም ንግግር ከተበላሸ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ለነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሂዱ።