ስለ ከሳ ፈረስ አመጋገብ፤ በጎጃም ደጋ አገር

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የተባለው ያገራችን ተረት ውጊያውን ለሰው፣ ማድረሱን ለፈረስ የሚያካፍል ነው። ነገር ግን ለማድረስ የሚችል ጕልበት ያለው ፈረስ ብቻ ነው። አጥንቱ የወጣ ፈረስ ጌታውን ከመንገድ ያስቀረዋል፤ ጭነቱንም ከገበያ ያስረፍዳል፤ በመጨረሻም ራሱ ይወድቃል።

ፈረስ ባገራችን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው የሚያስረዳ ብዙ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። በቤተ መንግሥትም ፈረሶቹን የሚያስጠብቅ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ። በ1888 ዓ. ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ወደ ዐድዋ በዘመቱ ጊዜ ፈረስና በቅሎ የጦሩ እግር ነበሩ። ይህን የፈረስ ውለታ ለማሰብ በአዊ አገር በ1932 ዓ. ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓል ያደርጋል።

የፈረስ ሥራም ገና አላለቀም። በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርስ ፈረስ እንዳለ ይገመታል፤ ይህን ያህል ፈረስ ያለው ሌላ የአፍሪካ አገር የለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጡት ወረዳዎች፣ በስናን፣ በጎዛምንና በማቻከል፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ እህል ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛም ወደ ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በፈረስና በበቅሎ ነው። ስለዚህ የፈረስ መክሳት የባለቤቱ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የቀበሌውም ጉዳት ነው።

በደጋው አገር ፈረስ የሚከሳበት ወራት የታወቀ ነው። ከመከር በኋላ ባለው ጊዜ ፈረሱ በታጨደው ማሳ ላይ እየተሰማራ ይጠግባል። ከየካቲት ጀምሮ ሣሩ ይደርቃል፤ በሚያዝያና በግንቦት ሜዳው ይራቆታል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ መሬቱ በሰብል ስለሚያዝ ግጦሹ ይጠባል፤ ብርዱና ዝናቡም ይጨመራል። በዚህን ጊዜ ባለፈረሱ የፈረሱን የጎድን አጥንት አይቶ ይደነግጣል፤ ከጎተራውም ገብስ አውጥቶ ግርግሙን ሞልቶ ያቀርብለታል። አሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሞት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ መጠን ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ ፈረስም የበላውን ማስመለስ አይችልም። በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የበላ እንደሆነ እህሉ ሳይፈጭ አልፎ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ይቦካና ይኮመጥጣል። ከዚህ የተነሣ ፈረሱን የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ወይም ኮቴው በውስጥ ይቈስልና መራመድ ያቅተዋል። እጅግ የከሳውንና ብዙ ቀን የተራበውን ፈረስ ደግሞ ሌላ አደጋ ያገኘዋል። እህሉ በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር በድንገት ከፍ ሲያደርገው፣ ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልጉት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም የተባሉት ማዕድናት ከደሙ ይጐድላሉ፤ ልቡም ይደክማል። እንዲህ ያለው ፈረስ መብላት ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ተሻለው ሲባል ይሞታል። ስለዚህ የከሳ ፈረስ የሚድነው በገብሱ ብዛት ሳይሆን በአሰጣጡ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ክሳቱን መመርመር ይገባል። የክረምት ጠጕር ክሳትን ስለሚሸሽግ ዐይን ብቻ አይበቃም፤ እጅን በጎድኑ፣ በጀርባውና በዳሌው ላይ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የታወቁ ሊቃውንት የፈረስን ሥጋ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ከፍለዋል፤ 1 አጥንቱ ሁሉ የወጣ፣ 9 እጅግ የሰባ ነው። ጎድኑ በእጅ የሚዳሰስ፣ ነገር ግን በዐይን የማይታይ ፈረስ 5 ይባላል፤ ለሥራም የሚስማማው ይህ ነው። ከ3 በታች የሆነው ፈረስ ኮርቻም ጭነትም ሊጣልበት አይገባም።

ክብደቱንም ያለ ሚዛን በገመድ ማወቅ ይቻላል። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን በሳንቲ ሜትር መለካት ነው። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝቶ፣ እንደ ገና በርዝመቱ አባዝቶ፣ ለ11,880 ሲያካፍሉት የሚገኘው ቊጥር የፈረሱ ክብደት በኪሎ ነው። ለምሳሌ የደረቱ ዙሪያ 140፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ፈረስ ወደ 214 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ግምት ነው፤ ነገር ግን ያው ሰው በዚያው ገመድ በየ15 ቀኑ ቢለካው ፈረሱ መጨመሩንና አለመጨመሩን በርግጥ ያስታውቃል።

ቀጥሎ የክሳቱን ምክንያት መፈለግ ነው። እየበላ የሚከሳ ፈረስ መኖ ብቻ ቢጨምሩለት አይጠቀምም። ሣሩን አላምጦ እያንከባለለ የሚተፋ ከሆነ ጥርሱ ስለታም ሆኖ ጕንጩንና ምላሱን ይወጋዋል ማለት ነው፤ ይህም በባለሙያ ይሞረዳል። ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ደም የሚታይ እንደሆነ ከምንጭና ከኩሬ የገባ አልቅት ሊሆን ይችላል። ጠጕሩ የሻከረ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው ግን የደረቀ ፈረስ የሆድ ትል እንዳለበት ይጠረጠራል፤ መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም መዝኖ ይስጠው። እጅግ የደከመው ፈረስ ግን የትል መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ጥቂት ሊያገግም ይገባዋል። ገጣባ ያለበት ፈረስ ደግሞ ቍስሉ ሳይድን ኮርቻ ቢጫንበት የሚበላው ሁሉ በሕመሙ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ ወደ መኖው መምጣት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ በአጠገቡ ይኑር፤ ጭድ እየበላ ውሃ ያጣ ፈረስ አንጀቱ ይደፈናልና። የአሞሌ ጨውም ቁራጭ እንዲልስ በግርግሙ አጠገብ ይቀመጥለት።

ደረጃው 1 ወይም 2 የሆነ 200 ኪሎ ያህል የሚመዝን ፈረስ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እህል ፈጽሞ አይቀመስም። በየ4 ሰዓቱ ሩብ ኪሎ ያህል መልካም ድርቆሽ ይሰጠዋል። ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን የድርቆሹ መጠን በየቀኑ በጥቂቱ እየተጨመረ፣ የመብያው ጊዜ እየተቀነሰ፣ በመጨረሻ በቀን ወደ 4 ኪሎ ይደርሳል። ከ10ኛው ቀን በኋላ እስኪጠግብ ድረስ ይብላ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተደረገውና በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ለተራበ ፈረስ ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያ የአልፋልፋ ድርቆሽ ነው፤ ስኳሩ ጥቂት፣ ፕሮቲን የሚባለው ሥጋን የሚሠራው ምግብና ማዕድኑ ብዙ ነውና። አልፋልፋ በሌለበት በጎጃም ሜዳ የሚበቅለው ማገጥ የበዛበት ድርቆሽ ለዚህ የቀረበ ነው። የገብስና የስንዴ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ለብቻው ሥጋ አይመልስም፤ የጤፍ ጭድ ከእነዚህ ይሻላል።

ክሳቱ ያልበረታበት፣ ደረጃው 3 ወይም 4 የሆነው ፈረስ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አይሻም፤ እርሱም ቢሆን ግን ከድርቆሽ ይጀምራል።

እህል የሚጀመረው ድርቆሹ ከተለመደ በኋላ፣ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ የጎጃም ደጋ ባለቤቱ የታደለ ነው፤ በስናንና በአካባቢው የሚዘራው እንግዶ ለፈረስ ከገብስ ይልቅ ይስማማልና። እንግዶ ገለባው ብዙ ስለሆነ በሆድ ውስጥ አይጠጥርም፤ ሳይፈጭም ሊበላ ይችላል። ገብስ ግን ካልተከካ ከፊሉ እንዳለ በፋንድያ ይወጣል፤ ባለቤቱም እህሉን በከንቱ ያባክናል። ጧትና ማታ ሩብ ሩብ ኪሎ ተጀምሮ፣ በየ4 ቀኑ ሩብ ኪሎ እየተጨመረ በቀን ኪሎ ተኩል እስኪደርስ ድረስ ይሰጣል። ይህም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ አይቀርብም። ሁልጊዜም ድርቆሹ ይቀድማል፤ እህሉ ይከተላል። የከሳው ጀርባ ሥጋ እንዲያወጣ ከእህሉ ጋራ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ወይም የባቄላ ክክ ይቀላቀልበታል።

ሊከለከል የሚገባውም አለ። ጓያ ለፈረስ መርዝ ነው፤ የጕረሮውን ነርቭ ያሰንፍና ሲሮጥ ትንፋሹ ይታፈናል። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ጓያ የተመገቡ የጋሪ ፈረሶች በዚህ ምክንያት አልቀዋል። የሻገተ ድርቆሽና የሻገተ ፋጉሎ፣ ውሎ ያደረ አተላም አይሰጥ። ለዶሮና ለከብት ተብሎ ከፋብሪካ የሚመጣው መኖ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት የገባበት እንደሆነ ፈረስን ይገድላል፤ ስለዚህ ለፈረስ መሆኑ ያልተረጋገጠ መኖ አይነካ።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር ሌሊት ደጅ የሚያድር ከሲታ ፈረስ የበላውን ገላውን ለማሞቅ ይጨርሰዋል። ነፋስና ዝናብ የማይገባበት ደረቅ ጋጣ፣ ማታ ማታም የሚያላምጠው ድርቆሽ ያስፈልገዋል፤ ድርቆሽ በአንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጠዋልና።

ይህ ሁሉ ቢደረግ እጅግ የከሳ ፈረስ ወደ ደኅናው ሥጋ ለመመለስ ከ3 እስከ 5 ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ለጥር በዓል ወይም ለጥምቀት ጉግስ ፈረሱን በገና ሰሞን መቀለብ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል፤ በጥቅምት መጀመር ነበረበት።

እንግዲህ ገዦች፣ ባለመሬቶችና የወረዳ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ዋናው ነገር ከጋጣው ውጭ ነው። አንድ 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው 4 ወር በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽ ቢበላ የሚያስፈልገው ከ5 እስከ 6 ኩንታል ነው። ይህ ድርቆሽ የሚገኘው ሣሩ አብቦ ሳይደርቅ በጥቅምት ሲታጨድ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ የቈየ ሣር ከጭድ የሚበልጥ ጥቅም የለውም። የወል ግጦሹ ግን በእርሻ እየጠበበ ሄዷል፤ በጎረቤቱ በአዊም በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚተከለው የአካሺያ ዲከረንስ ዛፍ ብዙ መሬት ወስዷል። ስለዚህ የቀረውን የወል ሜዳ ከፍሎ በክረምት አስከብሮ፣ በጥቅምት ለየቤቱ አሳጭዶ እንዲያካፍል የቀበሌውን ሽማግሌ ማማከር የሹሙ ሥራ ነው። ባለመሬቱም ከማሳው ዳርቻና ከእርከኑ ላይ ለሣርና ለእንግዶ ጥቂት ስፍራ ቢተው አይከስርም።

ደግሞም ለሥራ ጕዞ የባላገርን ፈረስ የሚከራይ ሹም ኮርቻው ከመጫኑ በፊት እጁን በፈረሱ ጎድን ላይ ያሳልፍ፤ ጀርባውንም ይመልከት። ድሃው ሰው ሹሙን አፍሮ እምቢ ሳይል ቢቀር፣ ፈረሱ በመንገድ ቢወድቅበት የሚጐዳው እርሱ ነውና። ከሲታ ሆኖ የተገኘውን ፈረስ ትቶ ሌላ መፈለግ፣ ለባለቤቱም ከላይ የተጻፈውን የአመጋገብ ሥርዐት ማስረዳት፣ በየወረዳውም የሚገኘውን የእንስሳት ሐኪም ማስጠራት ይገባል። በጥቅምትና በግንቦት በየቀበሌው ጥቂት ፈረሶችን በገመድ ማስለካት ደግሞ የድርቆሹ ክምር በቂ መሆኑንና አለመሆኑን ክረምቱ ሳይገባ ያሳያል።