ያረሰውን በሬ እንብላው?

በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ፋሲካ ሲቃረብ ጎረቤት ለቅርጫ ይመክራል። አንዳንዴ የሚመረጠው አርሶ አርሶ ያረጀ በሬ ነው። ያን ጊዜ ክርክር ይነሳል።

«አያ፣ ይህ በሬ እኮ ልጆቻችንን ያሳደገ ነው። እንዴት እናርደዋለን?» ይላል አንዱ።

«ታዲያ ሜዳ ላይ ወድቆ ጅብ ይብላው?» ይላል ሌላው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩን እንመርምር።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ለሰው የተሰጠው ምግብ እህልና ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው በምዕራፍ 9፣ ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ ለኖኅ ነው። አባቶችም ሥጋን ጨርሰው አልከለከሉም፤ ልክ አበጁለት እንጂ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሌሎችም አጽዋማት አሉ። የሚጾም ገበሬ የዓመቱን እኩሌታ ያህል በሽሮ፣ በክክና በጎመን ያሳልፋል። እንዲያም ሆኖ ያርሳል፣ ያጭዳል። ያለ ሥጋ መኖር ይቻላል ማለት ነው።

የመኖው ነገርስ? በዓለም ከሚመረተው እህል ሲሶ ያህሉ ለቤት እንስሳት ይሰጣል። የእኛ በሬ ግን በአብዛኛው ሣር፣ ጭድና የበቆሎ አገዳ ይበላል። ይህ ለሰው ምግብ አይሆንም። በሬው ጭዱን ጉልበትና ፍግ ያደርገዋል። ከልጅ አፍ አይነጥቅም።

እህል ብቻ መብላትም ጥንቃቄ ይሻል። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። ሕፃን ደግሞ 6 ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ምግብ ይፈልጋል፤ እንቁላል ይበጀዋል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም። እናቱ ስለጾመች እንቁላሉ ሁሉ ገበያ ከወጣ ልጁ ይጎዳል።

ታዲያ በሬውስ? መታረዱ ብቻውን በደል አይደለም። ቀንበር የላጠው ጫንቃ ሳይድን መጥመድ ግን በደል ነው። ውሃ ሳያጠጡ ገበያ መንዳት በደል ነው። በዶለዶመ ቢላዋ ማረድ በደል ነው። ሥጋውን ማባከንም እንዲሁ። ታሞ የወደቀ ከብት ግን አይበላም፤ አባ ሰንጋ ሰው ይገድላል።

ያገለገለንን በሕይወቱ ሳለ እንንከባከበው። ስናርደውም አናሠቃየው።

ለመወያየት፦
1. ያረጀ በሬ ምን ቢደረግ ይሻላል?
2. በጾም ወቅት በቤታችሁ ሕፃናት ምን ይበላሉ?